ራኩኗን እናቴ ያበሏታል፣ ባለቤቴ ሊያጠምዳት ይፈልጋል

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የምኖር የ39 ዓመት እናት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴና እኔ ብዙ ተበድረን ጓሮው ዛፍ የበዛበት አሮጌ ቤት ገዛን። ችግሬን ለሰው ስነግረው ያስቃል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እናቴ የስድስት ዓመት ልጃችንን ሊይዙልን ከደብረ ብርሃን ከመጡ ስምንተኛ ወራቸው ነው። ቀን ቀን ሁላችንም ስለምንወጣ ብቻቸውን ይውላሉ። ብርዱ ሊያበቃ ሲል አንዲት ራኩን፣ ዐይኗ ላይ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀች የምትመስል የዚህ አገር የዱር እንስሳ፣ በጓሮ በር በኩል መምጣት ጀመረች። እናቴ ገና እንዳዩዋት «ጥርኝ ናት» አሉ፤ እስከ ዛሬም ስሟ «ጥርኟ» ነው። ማታ ማታ የእንጀራ ቁራሽና የወጥ ትራፊ በሳህን ያወጡላታል። ስንከለክላቸው «ሐረር ላይ ጅብ እንኳ ከሰው እጅ ይበላ የለም ወይ? ይህች ምስኪን ምን በደለች?» ይላሉ።

ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። የፋሲካ ማግሥት ከንጋቱ 11 ሰዓት ቤት ሲደርስ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ተገልብጦ፣ የዶሮው አጥንት እስከ ጎረቤት በር ድረስ ተበትኖ አገኘው። በሳምንቱ ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። አሁን ወጥመድ ገዝቶ ጋራዥ አስቀምጧል፤ ይዟት ከወንዙ ማዶ ጫካ ወስዶ ሊጥላት ነው፤ ካልሆነም መርዝ እገዛለሁ ይላል። ከወር ወዲህ ደግሞ ከመኝታ ቤታችን ኮርኒስ በላይ ኮቴ እንሰማለን፤ ሰሞኑን እንደ ጫጩት የሚንጫጫ ድምፅ ተጨምሮበታል። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከእናቴ ጎን ቆሞ ዳቦ በእጁ እንደሰጣትና እንደተቀበለችው ሲነግረኝ ባለቤቴ ሰማ። እናቴን ቀና ብሎ ተናግሯቸው የማያውቅ ሰው በዚያን ቀን ጮኸባቸው። እናቴም ከዚያ ወዲህ «ወደ ሀገሬ ላኩኝ» እያሉ ነው።

የእኔን ነገር ለማንም አልተናገርሁም። ነርስ ነኝ፤ ከሥራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ስመለስ የወጥ ቤቱን መብራት ሳላበራ ቆሜ አያታለሁ። እናቴ በረንዳው ላይ በተዉት የውኃ ሳህን ውስጥ እንጀራዋን ስትነክር፣ እንጀራው እጇ ላይ ሲሟሟባት፣ እሷ ቀና ብላ ወደ ጨለማው እያየች በጣቶቿ ብቻ የጠፋባትን ስትፈልግ አይቻለሁ። እንድትሄድም፣ እንዳትሄድም እፈልጋለሁ። በእናቴና በባለቤቴ መካከል ሆኜ ምን ላድርግ?

ሐሳቤ ለሁለት የተከፈለብኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ


ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ፣ ዓምዱ እስኪታተም ሳልጠብቅ በግል የጠየቅሁዎት አንድ ነገር ነበር፤ የልጅዎን እጅ በብርሃን አገላብጠው አይተውታል ወይ የሚል። ጭረትም ንክሻም እንደሌለበት፣ ለልጁ ሐኪምም ደውለው እንደነገሩ ስለጻፉልኝ እፎይ አልሁ። ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥማቸው ሌሎች ወላጆች ስል ግን ልድገመው። ሀገር ቤት የእብድ ውሻ በሽታ የምንለውን በሽታ፣ በዚህ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በብዛት ይዘውት የሚዞሩት እንደ ራኩን ያሉ የዱር እንስሳት ናቸው። ራኩን የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ ከዚህ ቀደም ያልተከተበ ከሆነም በመጀመሪያው ቀን ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለውን፣ ክትባቱ እስኪሠራ ድረስ የሚከላከል መርፌ ይወስድና በ14 ቀናት ውስጥ አራት ጊዜ ይከተባል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን እጅግ ብርቅ ስለሆነ «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እርስዎ ነርስ ስለሆኑ ይህን ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። ምናልባት ባለቤትዎ ያን ቀን የጮኹት ይኸው ፍርሃት ይዟቸው ይሆን?

እናትዎ «ጥርኝ» ማለታቸው ፈገግ አሰኝቶኛል፤ ብዙም አልተሳሳቱም። ጥርኝም ዐይኗ ላይ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀች ትመስላለች፣ በሌሊት ትወጣለች፣ ያገኘችውን ትበላለች። በዘር ግን አይገናኙም፤ ራኩን የዚህ አህጉር ተወላጅ ናት፤ ስሟም የተወሰደው እርስዎ ከሚኖሩባት ከቨርጂኒያ ነባር ሕዝብ፣ ከፖውሃታኖች ቋንቋ ሲሆን፣ በእጁ የሚቧጭር እንደማለት ነው። ስለ እጇ ከተነሣ ደግሞ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድ ተመራማሪ 13 ዓይነት መቀርቀሪያ ቢያቀርብላቸው ራኩኖቹ 11ዱን ከአሥር ባነሰ ሙከራ ከፍተዋቸዋል። የቶሮንቶ ከተማ ከ2016 ጀምሮ ራኩን አይከፍተውም የተባለ ባለመቆለፊያ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ለነዋሪዎቿ አድላ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሱንም የከፈቱ ራኩኖች ተገኝተዋል። ለእንስሳዋ በመራራትም ቢሆን እናትዎ የመጀመሪያዋ ሰው አይደሉም፤ ከእርስዎ ከተማ ወንዙን ተሻግሮ በሚገኘው ዋይት ሐውስ፣ በ1926 ለምስጋና ቀን ማዕድ እንድትታረድ የተላከችውን ራኩን ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ አላርድም ብለው፣ ርብቃ የሚል ስም ሰጥተው አሳድገዋታል። ርብቃ በመጨረሻ የገባችው ግን የከተማው መካነ እንስሳት ውስጥ ነው።

እርስዎ በመስኮት ያዩትን ነገር ልመለስበት፤ የደብዳቤዎ ልብ እሱ መስሎኛልና። ሰዎች ራኩን ምግቧን ታጥባለች ይላሉ፤ የሳይንስ ስሟም «አጣቢ» የሚል ትርጉም ያዘለ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ራኩን በተፈጥሮዋ ወንዝ ዳር ቆማ፣ ውኃ ውስጥ ያለውን ሸርጣንና እንቁራሪት ሳታይ በእጇ ዳብሳ የምትይዝ እንስሳ ናት፤ የፊት እጇ ቆዳ ሲርስ ደግሞ የመዳሰስ ስሜቱ ይበልጥ ይነቃል። ስለዚህ ወደ ጨለማው አፍጥጣ በጣቷ ስትፈልግ ያዩዋት ጊዜ፣ እጇ እንደ ዐይን እየሠራላት ነበር። እጇ ላይ ሲሆን ያዩት የእንጀራዋ መሟሟት፣ በእርግጥም በወንዝ ውስጥ ገጥሟት የማያውቅ ነገር ነው። ከረጅም የሥራ ሌሊት ተመልሶ፣ ሁሉም በተኛበት ቤት ውስጥ፣ ነቅቶ የሚጠብቅ ሌላ ፍጡር ማየት ምን ያህል እንደሚያጽናና ይገባኛል። ይህን ለባለቤትዎ ነግረዋቸው ያውቃሉ? እሳቸውም ሌሊት ሠራተኛ ናቸው፤ ከምንም በላይ ይህን የሚረዳዎ ሰው እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ ወጥመዱ ልምጣ። መርዙን ከሐሳብ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ለራኩን የተፈቀደ መርዝ የለም፣ የጎረቤት ውሻም ሊበላው ይችላል። ይዞ ከወንዙ ማዶ መጣልም በቨርጂኒያ ሕግ ክልክል ነው፤ የተያዘ የዱር እንስሳ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ተወስዶ አይለቀቅም። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ አዳኞች ለአደን እንዲሆኗቸው ከደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች ራኩኖችን አምጥተው በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ አካባቢ ለቀቁ፤ ከእነርሱ ጋር የመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ከዚያ ተነሥቶ በምሥራቁ የባሕር ዳርቻ እስከ ሰሜን ተዛመተ። ዛሬ የምንፈራው በሽታ ወደዚህ አካባቢ የገባው፣ ራኩን ከቦታዋ ወስጄ ሌላ ቦታ ብለቃት ምን አለበት ባሉ ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። ባለቤትዎ እንደ እኔ የነገር አመጣጥ መስማት የሚወዱ ከሆነ፣ «አይቻልም» ከማለት ይልቅ ይህን ታሪክ ቢያጫውቷቸው ይሻላል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ኮርኒሱ ላይ የሚንጫጫው ነገር ነው። ራኩን በአብዛኛው በሚያዝያና በግንቦት ገደማ ከሁለት እስከ አምስት ግልገሎች ትወልዳለች፤ ግልገሎቹ ዐይናቸውን የሚገልጡት ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት እስኪሞላቸውም ከጎሬያቸው አይርቁም። «ጥርኟ» ወልዳለች ማለት ነው። እናቲቱ ወጥመድ ውስጥ ብትገባ ግልገሎቹ በራስዎ መኝታ በላይ በረሀብ ይሞታሉ፤ ሽታው ደግሞ ከእነርሱ በኋላ ለሳምንታት ይቆያል።

እዚህ ላይ እኔም ንጹሕ አይደለሁምና ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ በተከራየነው ቤት፣ ከጣሪያው ጫፍ ሥር ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አይቼ፣ በግንቦት እኩለ ቀን መሰላል ዘርግቼ በጣውላ ደፈንሁት። ራኩኗ ከአጥሩ ጥግ ስትወጣ በዐይኔ አይቻት ስለነበር ቤቱ ባዶ ነው ብዬ ነበር፤ የምታጠባ እናት ቀንም ወጥታ ምግብ እንደምትፈልግ አላወቅሁም። ያን ሌሊት ከላይ የሰማነው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፤ ከውጭ ቆርቆሮ ሲቀደድ፣ ከውስጥ ግልገሎች ሲያለቅሱ። ጠዋት ስወጣ ጣውላዬ ከነምስማሩ መሬት ወድቋል፤ ከቀድሞው ቀዳዳ አጠገብ ክንድ የሚያህል ሌላ ቀዳዳ ተከፍቷል፤ ጣውላው ላይ የጥፍሯ ጭረት፣ በጭረቱ ውስጥም የደረቀ ደም ነበር። የጣሪያውን ማሠሪያ ከኪሴ ከፈልሁ። ያሳፈረኝ ግን ደሙ ነው።

ስለዚህ ኮርኒሱን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለዎት፤ ሁለቱም ትዕግሥት ይጠይቃሉ። አንደኛው መጠበቅ ነው፤ ግልገሎቹ አድገው እስከ ሐምሌ መግቢያ ገደማ ከእናታቸው ጋር ሌሊት መውጣት ሲጀምሩ ቤቱን በራሳቸው ይለቃሉ። ድምፁን መቻል ከቻሉ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ቤቱን ሳይጎዱ እንዳይመቻት ማድረግ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ባዶ ቦታ መግቢያ አጠገብ ደማቅ መብራት ሌሊትና ቀን ማብራት፣ ሰው የሚያወራበት ሬዲዮ ከፍቶ መተው። ራኩን ጨለማና ጸጥታ ስለምትወድ፣ እንዲህ ስትረበሽ አብዛኛውን ጊዜ ግልገሎቿን አንድ በአንድ በማጅራታቸው ነክሳ ይዛ ወዳዘጋጀችው ሌላ ጎሬ ትወስዳቸዋለች። ይህ በጥቂት ሌሊቶች ሊያልቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሥራው የእርሷ ነውና መንገዷ መዘጋት የለበትም። ሬዲዮው አማርኛ ቢሆንም ግድ የለም፤ እናትዎም ቀን ብቻቸውን ሲውሉ ድምፅ ያገኛሉ።

ሰው ለመቅጠር ከወሰናችሁ ፈቃድ ያለውን ምረጡና ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ቀዳዳውን ከመዝጋቱ በፊት ግልገል መኖሩን ገብቶ ያያል ወይ፣ እንስሳዋን ከያዘ በኋላ ምን ያደርጋታል፣ ቀዳዳውንስ በምን ይደፍነዋል። ወስዶ መልቀቅ የተከለከለ ስለሆነ «አስወግድላችኋለሁ» ማለት ብዙ ጊዜ መግደል ማለት ነው፤ ይህን ሳያውቁ ከፍለው በኋላ ያዘኑ ሰዎች አውቃለሁ። የተያዘችዋ ብትሄድም ቀዳዳውና ቆሻሻው ካሉ ሌላ ራኩን ትመጣለች።

የቆሻሻው ነገር ከሁሉ ይቀላል፤ የማኅበሩም ደብዳቤ የተጻፈው ስለ እሱ ነው። የሁለት ወር ጾም ተፈትቶ፣ በአንድ ሌሊት የዶሮ፣ የበግና የእንቁላል ሽታ በአንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሲከማች ራኩን አልመጣም ብትል ነው የሚገርመው። አጥንትና የወጥ ትራፊ በላስቲክ ተቋጥሮ እስከ ቆሻሻ መሰብሰቢያው ቀን ድረስ ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ፤ ማጠራቀሚያው ማታ ሳይሆን በዚያው ጠዋት ይውጣ፤ ባለቤትዎ በንጋት ስለሚገቡ ይህ ለእሳቸው የተመቸ ሥራ ነው። በሌላው ቀን ክዳኑ በሁለት በኩል መንጠቆ ባለው የሚለጠጥ ገመድ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር፣ ማጠራቀሚያውም እንዳይገለበጥ ከአጥር እንጨት ጋር ይያያዝ። ለማኅበሩም አጭር መልስ ጽፋችሁ ያደረጋችሁትን ብትነግሩት ነገሩ የሚበርድ ይመስለኛል።

በረንዳው ሥር ወይም ዛፉ ግርጌ አንድ ቦታ ላይ የተከማቸ ዐይነ ምድር ካገኛችሁ ልጁን አርቁት። ራኩኖች አንድ ቦታ መርጠው ስለሚጸዳዱ ክምሩ ይታወቃል፤ በውስጡ የሚገኘው የወስፋት ትል እንቁላል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲቆይ ሰውን የሚያሳምም ይሆናል፣ በተለይ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃንን። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ በአካፋ ማንሳት፣ ከዚያ ቦታውን በፈላ ውኃ ማጠብ ነው፤ በረኪና ይህን እንቁላል አይገድለውም።

እናትዎን ምን ይበሏቸው? የሐረሩን ነገር ማንሳታቸው ቀላል መከራከሪያ አይደለም፤ በአክብሮት መልስ የሚገባው ነው። ሐረር ላይ ጅብ የሚያበላው ሥራውን ከአባቱ የተማረ፣ ጅቦቹን በስም የሚጠራ ሰው ነው፤ የሚያበላውም በታወቀ ሰዓት በታወቀ ቦታ ነው፤ ማንም እናት ጅብን መኝታ ቤቷ ጣሪያ ላይ አታሳድርም። የእናትዎ ጥርኝ ግን ሳህኑን እያየች የሰው እጅ ምግብ መሆኑን ተምራለች፤ ከልጅዎ እጅ ዳቦ የተቀበለችውም ለዚህ ነው፤ ነገ ምግብ ያልያዘ የጎረቤት ልጅ እጅ ሲዘረጋላት የምታደርገው አይታወቅም። ይህን ከባለቤትዎ አፍ ሳይሆን ከእርስዎ ቢሰሙት ይመረጣል፤ ለዚያውም ቡና ተፈልቶ፣ ልጁ በሌለበት ሰዓት። መውለዷንም ይንገሯቸው። አብሮ መኖር የሚቻለው እኛም በእኛ፣ እሷም በራሷ ስትሆን ነው ቢሏቸው፣ ከብት አርብተው የኖሩ ሰው ከሆኑ የሚያጡት አይመስለኝም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናትዎ በደብረ ብርሃን በቀን ስንት ፍጡር ያበሉ ነበር? ዶሮው፣ ውሻው፣ ደጅ የቆመው የኔ ቢጤ፣ ቡና የሚጠጣው ጎረቤት። እዚህ ስምንት ወር ሙሉ እጃቸውን ጠብቃ የመጣች ጥርኟ ብቻ ናት። ሳህኑን ስትወስዱባቸው እጃቸው ባዶ እንዳይቀር አስቡበት። ጓሮው ላይ ትንሽ መደብ ተሠርቶላቸው ጎመንና በሶብላ ቢተክሉ፣ ጤና አዳም ጥግ ላይ ቢያሳድጉ ጥሩ ነው፤ በቆሎ ግን አይትከሉ፤ ራኩን እሸት የምትወደውን ያህል የምትወደው ነገር ጥቂት ነው። ወፍ ለማብላትም አይከለከሉ፣ ጥሬው ግን ማታ ወደ ቤት ይግባ። ሰንበቴ ላይ የሚያደርሳቸው ሰውም ቢገኝ፣ «ወደ ሀገሬ ላኩኝ» ያሉት በእርግጥ ስለ ራኩኗ ብቻ መሆን አለመሆኑ ያኔ ይታወቃል።

ባለቤትዎም ቢሆኑ የሚደመጡ ናቸው። በብድር የተገዛ ቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያየው የተበተነ አጥንት፣ ከዚያ በማኅተም የተላከ ማስጠንቀቂያ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ላደረ ሰው ይህ ስለ እንስሳ ሳይሆን ስለ ክብር ነው። «ከሁሉ የከበደህ የትኛው ነበር?» ብለው ይጠይቋቸውና ሲመልሱ አያቋርጧቸው። ከዚያ እናትዎን ይቅርታ እንዲጠይቁ እርስዎ አይዘዟቸው፤ ሰው ካልተገፋ ብዙ ጊዜ በራሱ መንገዱን ያገኛል። ወጥመዱን ግን ደረሰኙ ሳይጠፋ ይመልሱት።

ቀን ላይ ራኩን ስላያችሁ ብቻ አትደንግጡ፤ እየተንገዳገደች፣ ያለ ምክንያት ሰው ላይ እየመጣች ወይም ራሷን እየነከሰች ከሆነ ግን ልጁን አስገብታችሁ ለከተማው የእንስሳት ቁጥጥር ክፍል ደውሉ። እርስዎም በመስኮት ማየትዎን መተው የለብዎትም፤ መብራቱን ሳያበሩ፣ በሩን ሳይከፍቱ፣ ልጅዎም ዓርብ ማታ አንድ ጊዜ ከጎንዎ ይቁም።

ድምፁ ጸጥ ያለ ሲመስላችሁ ቀዳዳውን ወዲያው አትድፈኑት። አንድ ገጽ ጋዜጣ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልላችሁ አፉ ላይ ሰኩት፤ ራኩኗ ካለች በዚያው ሌሊት ወይም በማግሥቱ ገፍታ ትጥለዋለች። ሦስት ሌሊት ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ ባለቤትዎ በባትሪ ወደ ውስጥ አይተው ግልገል አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ ጣት በማያሳልፍ ወፍራም የሽቦ ወንፊት ከእንጨቱ ጋር አጥብቀው ይምቱት፤ ወደ ጣሪያው የደረሱትንም ቅርንጫፎች ያስቆርጡ። ጋዜጣውን ከመሰላሉ ሥር ጠቅልለው የሚያቀብሏቸው እናትዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ስንት ሌሊት እንደቆየ ይጻፉልኝ።